ያልተወለደ ሰው የወደቀበት ገደል

ስዊዘርላንድ ውስጥ ማይሪንገን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ በላይ ራይሸንባኽ የተባለ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከፏፏቴው ጎን ባለው ገደል ላይ አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው ሼርሎክ ሆልምስ በዚህ ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1891፣ ፕሮፌሰር ሞሪያርቲን ድል እንደነሳ ይናገራል። ቀኑ አለ፣ ዓመቱ አለ፣ የሁለቱ ባላንጣዎች ስም አለ፤ ለአንድ የጦር አዝማች መታሰቢያ የሚጻፈው ሁሉ ተሟልቷል። የጎደለ ነገር ቢኖር ሁለቱም ሰዎች አለመወለዳቸው ነው። አርተር ኮናን ዶይል ያንን ገደል የመረጠው፣ ሌላውን ሥራውን ሁሉ የጋረደበትን መርማሪ የሚገላገልበት ቦታ ሲፈልግ ነበር፤ ታሪኩንም በ1893 አሳተመ። አንባቢው ግን እሺ አላለም። ደራሲው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ሆልምስን ሲመልሰው ከመጀመሪያውም ገደሉ ውስጥ እንዳልወደቀ ነገረን። እንግዲህ ወደዚያ ፏፏቴ የሚወጣ አንባቢ፣ ያልኖረ ሰው ያልሞተበትን ቦታ ለማየት ነው የሚወጣው። ይወጣልም፤ ከተማዋም በ1991 ለሆልምስ ሙዚየም ከፍታለታለች። (የውጭ አገር ነገር ሳነሳ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።)

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ድርሰት መሆኑን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ እግሩን አድክሞ እዚያ ድረስ የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው? የተለመደው መልስ «ደራሲው ቦታውን ውብ አድርጎ ስለገለጸው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሰሚው ይጥማል፤ ተከትሎት የሚመጣ ምክርም አለው፦ ደራስያን ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ ደህና አድርገው ይጻፉ፣ ጎብኚ ይጎርፋል። እኔ ግን መልሱም ምክሩም የተሳሳቱ ይመስሉኛል። አንባቢን ከተቀመጠበት አስነስቶ መንገድ የሚያስገባው የቦታው መግለጫ ሳይሆን፣ የሚወደው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ያጋጠመው ዕጣ ነው። መግለጫ አገሩን ያስወድዳል፤ ዕጣ ግን ቦታውን የተለየ ያደርገዋል።

ልዩነቱን ለማየት ከራይሸንባኽ ብዙም ወደማይርቀው የላውተርብሩነን ሸለቆ እንሻገር። እዚያ ሽታውብባኽ የሚባል፣ ቁልቁለቱ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ፏፏቴ አለ። ጎተ በ1779 አይቶት ግጥም አውጥቶለታል፤ ዛሬም ብዙ ሰው ያየዋል። ለውበቱ ብሎ የመጣ ሰው ግን ፏፏቴውን ከመንደሩም ሆኖ ቢያየው፣ ከሥሩም ቢቆም ግድ የለውም። ራይሸንባኽ የደረሰ የሆልምስ አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፦ «የቱ ጋ ነው?» የትኛው ድንጋይ ላይ ቆመው ነበር? በየትኛው መንገድ መጡ? ውበት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አያስነሳም። ጥያቄውን የሚያስነሳው አንድ ሰው በአንዲት ስንዝር መሬት ላይ የደረሰበት ነገር ነው። የሆልምስ ቤትም ያው ነው። ታሪኮቹ መታተም ሲጀምሩ፣ በ1887፣ ደራሲው የሆልምስን ቤት ቁጥር 221 ያደረገበት የለንደኑ ቤከር ጎዳና ቁጥር እስከዚያ አይደርስም ነበር። በ1930ዎቹ ጎዳናው እንደገና ቁጥር ሲወጣለት ቁጥሩ የወደቀው አንድ የቤት ቁጠባና ብድር ድርጅት በሠራው ትልቅ ሕንፃ ላይ ሆነ። ድርጅቱም ከዓለም ዙሪያ ለሆልምስ ለሚጎርፈው ደብዳቤ መልስ የሚጽፍ ሠራተኛ መመደብ ግድ ሆነበት። ኮናን ዶይል ስለዚያ ቤት የነገረን ጥቂት ነው፤ ደረጃ፣ ምድጃ፣ ሁለት መስኮት። ለአንባቢው ግን ሰው በችግሩ ሰዓት ያንኳኳበት በር መሆኑ ይበቃዋል።

ለክርክሬ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ግን ሰርቫንቴስ ነው። «ዶን ኪኾቴ» በ1605 ሲወጣ ደራሲው ገና በመክፈቻው የባለታሪኩን መንደር ስም ላለማስታወስ ይመርጣል። ላ ማንቻን እንደ ውብ አገር የገለጸበት ቦታ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሜዳ ነው፣ አቧራ ነው፣ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የአገሩ መሬት በራሱም ቢሆን ከስፔን ውብ ቦታዎች ተርታ የሚመደብ አይደለም። ሆኖም በካምፖ ደ ክሪፕታና ኮረብታ ላይ ያሉትን የነፋስ ወፍጮዎች ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ኤል ቶቦሶ በምትባለው መንደር፣ ባለታሪኩ በሐሳቡ ብቻ የሚያውቃት የዱልሲኔያ ቤት ነው የተባለ ሙዚየም ቆሟል። ያልተጠራውን መንደር ደግሞ «የኛ ነው» እያሉ ከአንድ በላይ ከተሞች ሲከራከሩበት ኖረዋል። በጣም የሚያስገርመው ሰርቫንቴስ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ነው። በ1615 ባወጣው ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የመንደሩ ስም የተተወው የግሪክ ከተሞች በሆሜር እንደተጣሉ ሁሉ የላ ማንቻ ከተሞችም ይጣሉበት ዘንድ ነው ይለናል። እየቀለደ ነበር፤ ቀልዱ ግን እውነት ሆነ። ቦታውን መግለጽ ቀርቶ ስሙን መንፈግ እንኳ ሰውን ወደዚያ ከመሄድ አላገደውም።

እዚህ ላይ ውሃ የሚያነሳ ተቃውሞ ሊቀርብብኝ ይችላል። የካናዳዋ ደራሲ የሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ «የግሪን ጌብልዟ አን»፣ በ1908 የታተመችው፣ በመግለጫ የተሞላች ናት። የቼሪ አበባ፣ ቀይ አፈር፣ ሐይቅ፣ ጫካ፤ በየገጹ ተፈጥሮ አለ። አንባቢዎቿም እስካሁን ወደ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ይጎርፋሉ። ከሁሉ የሚደንቁት ጃፓኖች ናቸው። ሃናኮ ሙራኦካ የተባለች ተርጓሚ መጽሐፉን ጃፓንን ለቅቃ ከምትሄድ ካናዳዊት ሚስዮናዊት ተቀብላ በጦርነቱ ዘመን ተረጎመችው፤ በ1952 ታትሞ ከወጣ በኋላ የደሴቲቱ ስም በጃፓን አንባቢ ቤት ሁሉ ገባ። ታዲያ እነዚህን ሰዎች የሳባቸው መግለጫው አይደለም ማለት ይቻላል ወይ? መግለጫው ድርሻ የለውም አልልም። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አበባና ሐይቅ በማን ዓይን ውስጥ እንዳለ እናስተውል። ወላጅ የሌላት፣ ወንድ ልጅ ይላክልን ተብሎ በስህተት የተላከች፣ ነገ ትመለሺ ይሆናል የተባለች ልጅ ናት የምታየው። አበባው የሚያምረው ልትነጠቀው ስለምትችል ነው። ያንኑ መግለጫ ከልጅቱ ነጥለን የመንገድ መምሪያ ውስጥ ብናስገባው ከቶኪዮ ማንንም አያስነሳም። ጎብኚዎች የሚገቡበት አረንጓዴ ጣሪያ ያለው ቤትም ደራሲዋ የኖረችበት አልነበረም፤ የአያቷ ዘመዶች ቤት ነው። ሰው ሁሉ የአንን ክፍል ለማየት ደረጃውን ይወጣል።

ወደ አገራችን እንምጣ፤ ምክንያቱም በዓለም ታሪክ ውስጥ ድርሰት ሰውን ለመንገድ ካስነሳባቸው አጋጣሚዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ መድረሻው ኢትዮጵያ ነበረች። በ1165 ገደማ «ቄሱ ዮሐንስ» ከተባለ ታላቅ የምሥራቅ ክርስቲያን ንጉሥ ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጨ። ደብዳቤው ፈጠራ ነበር፤ ማን እንደጻፈውም እስካሁን አልታወቀም። የንጉሡን መኖሪያ መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት፤ በኋላ ኢትዮጵያ ነው አሉ። የፖርቱጋሉ ንጉሥ በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪልሃ የሚባል ሰው ላከ፤ ሰውየው ዞሮ ዞሮ እዚህ ደረሰ፣ እንዳይወጣ ተደረገ፣ ርስትና ሚስት ይዞ ቀረ። በ1520 የመጣው መልእክተኛ ቡድን እዚሁ አገኘው። ከቡድኑ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። በርዕሱ ላይ አሁንም ቄሱ ዮሐንስ አለ፤ በውስጡ ያለው ግን የልብነ ድንግል ድንኳን ከተማ፣ የአገሩ ገበያ፣ አንበጣው፣ ጾሙ ነው። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከገለጸ በኋላም ሰው አያምነኝም ብሎ ይሰጋል፤ የጻፈው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ በእግዚአብሔር ይምላል። በፈጠራ ተጠርቶ የመጣ ሰው፣ ውሸታም እንዳይባል ፈርቶ ስለ እውነት ሲምል ማየት የታሪክ ምፀት ነው።

ይህ ግን ከሆልምስ አንባቢ ጋር አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ማደብዘዝ አልፈልግም። የፖርቱጋል ሰዎች የመጡት ስላመኑ ነው፤ ሀብትና ወዳጅ ጦር የሚያገኙ መስሏቸው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ተጓዥ መግለጫ በእርግጥ ያንቀሳቅሰዋል፤ ነጋዴም፣ ንጉሥም፣ ሚስዮናዊም «ምን አለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የልብ ወለድ አንባቢ ግን ምንም እንደሌለ እያወቀ ነው የሚሄደው። ረብሻውም የሚመጣው ከሚያምነው ወገን ነው፤ በቄሱ ዮሐንስ ተስፋ የተከፈተው መንገድ ኢየሱሳውያንን አምጥቶ ከመቶ ዓመት በኋላ በሱስንዮስ ዘመን አገሪቱን በሃይማኖት ጦርነት እንዳናወጣት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሌላው የኛ ምሳሌ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም፤ ወጣት ሳለ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ በ1735 አሳትሟል። ከዚያ ባገኘው ዕውቀት በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። መጽሐፉ የሚጀምረው መሳፍንት በተራራ ተከበው በምቾት በሚኖሩበት የደስታ ሸለቆ ነው። የሸለቆው መነሻ የነገሥታቱ ልጆች ይታሰሩበት የነበረው አምባ፣ ግሸን እንደሆነ ይታሰባል። ስለ ቦታ ውበት ከተነሳ ከዚህ የበለጠ መግለጫ ከወዴት ይመጣል? ወንዙ፣ ፍሬው፣ እንስሳው ሁሉ ተዘርዝሯል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ስም አለው፤ ሆኖም «ራሴላስ»ን በብብታቸው ይዘው ግሸን የሚወጡ አንባቢዎች ሲጎርፉ አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በዚያ ሸለቆ ውስጥ በማንም ላይ ምንም አይደርስም፤ ልዑሉ የሚሸሸውም ይህንኑ ነው። በአንጻሩ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ተመልከቱ። አብዛኛው ጆንሰንን አንብቦ አያውቅም። ሽቅቡን የሚወጣው ግማደ መስቀሉ እዚያ አርፏል ብሎ ስለሚያምን ነው። ሃይማኖትንና ልብ ወለድን አንድ ላይ ማስቀመጤ አይደለም፤ ሁለቱን የሚለያቸው እምነት ትልቅ ነገር ነው። እግር የሚንቀሳቀስበት መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ሰው ወደ ቦታ የሚሄደው እዚያ የሆነ ነገር ስላለ ነው።

በአማርኛ ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ከተረከው በኋላ፣ ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ ጎጃምን ረግጦ በማያውቅ ሰው ጆሮ ውስጥ እንኳ የታወቁ አገሮች ሆኑ። ሁለቱም በእውን ያሉ ቦታዎች ናቸው። ዲማ ከልብ ወለዱ አስቀድሞም የመጽሐፍና የቅኔ ሊቃውንት አገር ነበረ። አሁን እስቲ አንድ አንባቢ ስለ ዲማ ኮረብታ፣ ስለ ዛፉ ዓይነት፣ ስለ ወንዙ ምን እንደሚያስታውስ ይጠየቅ፤ ብዙ አይመልስም። ማንኩሳ ሲባል የሚያስታውሰው ውድነሽ በጣሙ ልጇ በዛብህ እንዲያድግላት የተሳለችውን ስዕለት ነው፤ ያ ስዕለት ነው በኋላ በዛብህን በፍቅርና በእግዚአብሔር መካከል የሚያቆመው። ዲማ ሲባል የፊታውራሪ መሸሻን ቤት፣ መምህሩ በዛብህ ተማሪውን ሰብለ ወንጌልን የወደደበትን ክፍል፣ እውነት በመናገሩ እብድ የተባለውን ጉዱ ካሣን ያስታውሳል። ከዲማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድም ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ የወጣችበት ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የዓባይን በረሃ ሲሻገር ስለ ድልድዩና ስለ ቁልቁለቱ እንደሚያወራ የታወቀ ነው፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ይህንን መንገድ በእግሩ ስለ ተጓዘ ሰው ያስባል።

«ኦሮማይ»ንም በአጭሩ ላንሳ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ይህ መጽሐፍ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በዓመቱ ደብዛው ጠፍቷል። ሆኖም አስመራን አይቶ የማያውቅ ስንት አንባቢ ከተማዋን በባለታሪኮቹ በፀጋዬ ኃይለማርያምና በፊያሜታ ጊላይ በኩል እንደሚያውቃት አስቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባኝም። አንባቢው የሚናፍቃት አስመራ የጦርነት ዘመን አስመራ ናት፤ የዚያች ከተማ ነዋሪ ደግሞ ያንን ዘመን በሌላ መንገድ ያስታውሰዋል፤ ታሪኩም በአዲስ አበባ ሰው ዓይን የተነገረ ነው። የዕጣ ጉልበት ትልቅ ቢሆንም የማን ዕጣ ተነገረ የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

አሁን ወደ ሌሎቹ ተቃውሞዎች። የመጀመሪያው «ይህ ሞኝነት ነው፤ የሌለ ነገር ፍለጋ ነው» የሚል ነው። ለዚህ ሩሶ አስቀድሞ መልሶበታል። በ1761 ያወጣው «ዡሊ» አንባቢዎችን ወደ ጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ፣ ወደ ቬቬና ክላራንስ አጎረፈ፤ ባይረንና ሼሊ በ1816 መጽሐፉን ይዘው ሐይቁን በጀልባ ዞረዋል። ሩሶ ራሱ በኑዛዜ መጽሐፉ አንባቢውን ወደ ቬቬ ሂድ፣ አገሩን ተመልከት፣ እንደ ዡሊ ላሉ ሰዎች የተፈጠረ አገር መሆን አለመሆኑን ፍረድ፣ እነሱን ግን እዚያ አትፈልጋቸው ብሎ መክሮታል። ከዚህ የበለጠ ጤነኛ ምክር የለም። አንባቢው ባለታሪኩን አገኛለሁ ብሎ አይሄድም፤ ያንን ዕጣ የተሸከመው መሬት ምን ያህል ጠባብ፣ ምን ያህል ሩቅ፣ ምን ያህል ዳገት እንደሆነ በሰውነቱ ሊለካ ነው የሚሄደው። ቤት ተቀምጦ የማይገኝ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው «ሰውን የሚያስነሳው ፊልሙ እንጂ መጽሐፉ አይደለም» የሚል ነው። በአሁኑ ዘመን ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም፤ ፊልሙም ያው ዕጣውን ነው የሚያሳየው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «የቱ ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሐሰተኛ መልስ ይወልዳል። ቬሮና ውስጥ የጁልየት ቤት የሚባለውን ውሰዱ። ሼክስፒር ጣልያንን ስለማየቱ ማስረጃ የለም። ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ፎቶ የሚነሳበት ሰገነትም ቤቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲታደስ የተጨመረ ነው። በግቢው የቆመው የነሐስ ሐውልት ደረት ለዕድል ሲዳሰስ ኖሮ ስለተጎዳ በ2014 ተነስቶ ቅጂው ተተክቷል። ከተማው ገቢ ያገኝበታል፤ ጎብኚው ግን የሚወስደው ልብ ወለዱን ሳይሆን የከተማውን ውሸት ነው። ልብ ወለድ «ይህ ድርሰት ነው» ብሎ ከእኛ ጋር ተስማምቶ ይጀምራል፤ ሰገነቱ ያንን ስምምነት ያፈርሳል። ስለዚህ ነገ ዲማ ላይ «የፊታውራሪ መሸሻ እውነተኛ ቤት» የሚል ቆርቆሮ ቢለጠፍ ለመጽሐፉ ስድብ፣ ለቦታውም ጉዳት ነው። በቦታው የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የሰው ድርሰት ገፀ ባሕርያት አይደሉም፤ የዲማ ገዳምም ጸሎት ቤት እንጂ መድረክ አይደለም።

መልሱ ሁሉንም መተው ነው ወይ? አይመስለኝም፤ ኤል ቶቦሶ የተሻለ መንገድ አሳይታለች። ከዱልሲኔያ ቤት ሌላ መንደሪቱ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የታተሙ የ«ዶን ኪኾቴ» መጻሕፍትን የሰበሰበችበት ሙዚየም አላት፤ ከነሱም ውስጥ የአገር መሪዎች ፈርመው የላኳቸው ይገኛሉ። እዚያ የሚታየው መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ እውነት ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ዲማ ላይ ወይም በአቅራቢያው ባለችው ቢቸና እንዲህ ያለ አንድ ክፍል መክፈት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ከ1958 ዓ.ም. የመጀመሪያ እትም ጀምሮ ያሉ የመጽሐፉ እትሞች፣ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ የሕይወት ታሪክ፣ በዛብህ የተማረውን ዓይነት ትምህርት የሚያስረዳ የአካባቢው መምህር። ክፍሉን የሚጠብቀው፣ የመግቢያውን ዋጋ የሚወስነውና በገቢው የሚያዝበት የአገሩ ሰው ይሁን። «የቱ ጋ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ጎብኚም ቤቱ የደራሲው ፈጠራ መሆኑን፣ ቅኔ ቤቱ ግን በስተየት በኩል እንደሆነ በግልጽ ይነገረው።